የሐሙስ ውኃ

ከቢቸና ወዲህ፣ ከሱሃ ወንዝ ማዶ፣
ቆርቆሮው በፀሐይ የሚያበራ ነዶ፣
ገብርኤል አለ፤ እኔም ቀዳሽ ነበርሁ።
አለቃውን በጥር ፈትቼ ቀበርሁ።
እንባዬ ሳይደርቅ ከነጠላዬ ጫፍ፣
ልቤ ይለካ ነበር የወንበሩን ድጋፍ።

ተፎካካሪዬ ቄስ ልሳነወርቅ ነው፤
ድምፁ ከኔ ያምራል፣ (ከአፌ ማን ሊሰማው!)
ቅኔ ሲዘርፍማ፣ «ይበል!» ሲሉት ሰምቼ
ሦስት ቀን ከረምሁ እህል ውኃ ትቼ።
«ሱባዔ ገቡ ወይ?» አለች ባለቤቴ።
«አዎን» አልሁ፣ በቅናት ሲቃጠል አንጀቴ።

ሕማማት ደረሰ። ሐሙስ ለሕጽበት
ከወረዳ እንግዳ እንደሚመጣበት
ሰማን፤ ሊቀ ካህናት። እግር አጣቢ
ማን ይሁን? ተባለ። እኔ ነኝ ተገቢ፣
እኔ ነኝ! ልሳነወርቅም «እኔ ነኝ» አለ፤
በትሕትና ወንበር ጥል ተቀጣጠለ።
ዝቅ ብሎ ለመታየት ስንገፋፋ በክርን፣
በአንድ ድምፅ ብልጫ ለእኔ ሰጡኝ ክብሩን።

ውኃውን ከሱሃ የሚያወጣ አንማው ነው።
አንማውን ማን ያውቃል? በስሙ ማን ሊጠራው?
ጉድጓድ ሲቆፈር ነው ስሙ የሚነሣ፤
ቀባሪ ያጣ እንደሁ የደሀ ሬሳ።
ሁለት ቢጫ ጀሪካን በገመድ አስሮ
ከገደል ይወጣል ከንጋት ጀምሮ።
ተረከዙ ስንጥቅ፣ የመጋቢት መሬት፣
ጤፍ ቢወድቅበት ጠፍቶ የሚቀርበት።

ነጭ ጨርቅ ታጥቄ፣ ወይራ ቅጠል ይዤ፣
ተንበረከክሁ፤ ግን ዐይኔን እንደ ሰይፍ መዝዤ
ወደ እንግዳው።
ውኃውን ለቀቅሁት፤ ይንቆርቆር፣ ይሰማ፤
የዳኛውን እግር አጠብሁ እስከ ጫማ፣
የባለሱቁንም፣ ጣት በጣት አሸሁት፤
ሁለቴ ያላቀስሁት እግር የለም፣ ደገምሁት።
ሰባተኛው ላይ ስደርስ ማንቆርቆሪያው ደረቀ።
አለቃ ልሆን ስል፣ ውኃዬ አለቀ።

በሰሜኑ በር በኩል፣ አንማው አንዳች ሳይል፣
ጀሪካኑን ይዞ ተመለሰ ገደል።
እስኪመጣ እኛ ቅዳሴ ገብተናል፤
የእርሱን እግር ማጠብ ማን አስታውሶታል?

ማታ ጉልባን ቀርቦ፣ እንግዳው አሞገሰኝ፤
«ትሕትናህ ደስ ይላል» ሲል፣ አንድ ነገር ነከሰኝ።
ጴጥሮስን አሰብሁት፣ እግሩን የከለከለ፤
ይሁዳን አሰብሁት፣ ታጥቦ ዝም ያለ።

ማንቆርቆሪያ ይዤ፣ በእጅ ባትሪ ብርሃን
ወረድሁ አንማው ቤት፣ ሸፋፍኜ ፊቴን።
አጎንብሶ አገኘሁት፤ ከቆሎ ተማሪ እግር
ሙጀሌ ያወጣል፣ በመርፌ ሲቆፍር።
ልጁ ዐይኑን ጨፍኗል።

«አንማው፣ እግርህን ልጠብህ፤ ይቅር በለኝ።»
«ይተዉ እንጂ፣ አባ፤ ወንዙ አጥቦ ላከኝ፣
ሁለቴ ቆሜበት። ይልቅስ ይህን ኩራዝ
ከፍ አድርገው ይያዙ፤ ጥላዎ ሆነ መዘዝ።»

ያዝሁ። ክንዴ ዛለ። ጢሱ ዐይኔን አቃጠለ።
ሦስት አወጣ። ልጁ «እግዜር ይስጥልኝ» አለ፤
ለአንማው ነው። እኔን አላየኝም፣ በጥላ።
መጀመሪያ ከፋኝ። ደስ ያለኝ ከዚያ ኋላ፣
ዳገቱን ስወጣ፣ ባትሪዬን አጥፍቼ።

በዳግም ትንሣኤ ልሳነወርቅን ሾሙት።
«ይደልዎ» አልሁኝ፤ ቅናቴን ባልገድለው፣ ትንሽ አደከምሁት።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ገደል እወርዳለሁ፤
ከሁለቱ ጀሪካን አንዱን እሸከማለሁ፤
ገመዱ ልጦኛል።
ዛሬም ግን ከመንገድ ሰው ሲያልፍ አይቼ
ቀና እላለሁ፣ ላቤን ሆን ብዬ ትቼ።
አንማው ከፊት ሆኖ፣ ዞር ሳይል፣ «ያጥብቁት፣
አባ፤ ይፈስሳል» ይላል፤ «ክዳኑን ይዝጉት።»